ወንዙ እስኪረጋ

ልብስ ሰፊው መዳፉን የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ለጥፎ ቀረ። ሬዚን የሚሉትን ውሃ መሳይ ሙጫ ጠረጴዛው ላይ በሠራት ትንሿ የአሻንጉሊት ባቡር ድልድይ ሥር ማፍሰሱ ነበር፤ ሙጫው ግን የእውነት ወንዝ የሆነ መስሎት ወደ ወለሉ መውረድ ጀመረ። አስቀድሞ የወንዙን ሁለት ጫፎች በፕላስተር መገደብ ነበረበት። ጥድፊያ አስረሳው።

አንዱን ጫፍ ሲከድን በሌላው ተንጠባጠበ። ጠረጴዛው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ስለሆነ እጁ አይደርስም።

ሊደርስለት የሚችለው ታናሽ ወንድሙ ምድር ቤት ዕቃውን እያስጫነ ነው። ወንድሙ ሊያገባ ስለሆነ ይህን ክፍል ቢለምነው፣ ልብስ ሰፊው "ባቡሬን የት ላድርሰው?" ብሎ መልሶለት ተኮራርፈዋል። ወንድሙ ዛሬ ቤቱን ለቆ መሄዱ ነው። ልብስ ሰፊው የተጣደፈውም፣ በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር ባቡር ሲያዩ የሚውሉበትን ወንዝ ሠርቶ ሳይሄድበት ሊያሳየው ብሎ ነው። "ና እየው" ማለቱ ግን ሞት ሆኖበት ነበር።

ወለሉን በእግሩ ደበደበ። "ቀጮ! ቶሎ ድረስልኝ!"

ቀጮ ከቅጥነቱ ጋር ከተለያየ ቆይቷል፤ እያለከለከ ወጣ። ካርቶን ሲያሽግበት የነበረው ፕላስተር እጁ ላይ እንደ አምባር ተሰክቷል።

"ምን ሆንክ ጋሼ?"

"በዚያ በኩል ገድብልኝ። ጓንት አድርግ፣ ይጣበቅብሃል።"

ቀጮ አንዱን ጫፍ አሽጎ ወደ ሌላው ዞረ። መንጠባጠቡ ሲቆም ጎንበስ ብሎ ወንዙን አየ።

"ምነው ደፈረሰ?"

"ድሮስ መቼ ጠርቶ ያውቃል?"

"የአባባ ጫማ የወደቀው እዚህ ጋ አይደል?"

"ወደቀ? አንተ ነህ የወረወርከው።"

"እሱማ እኔ ነኝ።" ሁለቱም ሳቁ፤ ከተሳሳቁ ሰንብተው ነበር።

ከውጭ የጭነት መኪናው ጡሩንባ ጮኸ። ቀጮ ጓንቱን ማውለቅ ጀመረ።

"ጠረጴዛውን ወደ ስፌት ክፍሌ ላወርደው ነው" አለ ልብስ ሰፊው፣ ወንዙን እያየ። "ይህን ክፍል እናንተ ግቡበት።"

"ስፌቱስ?"

"እኔን አንድ ጥግ ይበቃኛል። ግን ብቻዬን አልሸከመውም። ሙጫው ደግሞ ነገ እስኪረጋ አይነካም።"

 ቀጮ መስኮቱን ከፍቶ አንገቱን አወጣ።

"ወንድሜ፣ ይቅርታ፣ ዕቃውን መልሰህ አውርድልኝ" አለው ሾፌሩን።

ከዚያ ተመልሶ ፕላስተሩን በአውራ ጣቱ ጠበቅ አደረገው።