በነጻ የተገኘ ፊደል

ሰው ዓመታት የለፋበትን ነገር ለማያውቀው ሰው በነጻ የሚሰጠው ምን ፈልጎ ነው? ሳምንቱን ሙሉ ጥያቄውን ሳገላብጥ ሰንብቼ መልስ አጥቼለታለሁ።

የልጅ ልጄ የመመረቂያ ጽሑፏን የምታሳምርበት ፊደል፣ ፎንት የሚሉትን የፊደል ቅርጽ፣ ከኢንተርኔት አወረደች። ጫፍ ጫፉ ላይ ትንንሽ እግር አለው። ቀጥ ያለው፣ ደማቁና ዘመም ያለው አንድ ላይ ነው የመጡት፤ ቤተሰብ ናቸው አለችኝ።

«ስንት ከፈልሽ?»

«ምንም። ነጻ ነው እማማ። አሠራሩም ክፍት ነው፤ የፈለገ ሰው ገብቶ ያሻሽለዋል።»

«የፈለገ? ሌባም?»

«ሌባ ፊደል ምን ያደርግለታል!» ብላ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ሲባል ነው ያደግሁት።

ጽሑፉ የሚገባው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ከሰማንያ ገጽ ካለፈ አይቀበሉም፤ ካልተቀበሉ ምረቃው ለከርሞ ነው። እሷ መምህራኑ ፊት የምትናገረውን ስታጠና፣ «ማሳተሙን ለእኔ ተዪው» ብዬ ፍላሿን ተቀበልኳት።

«‹አትምልኝ› ብቻ በይው። ሌላ ቃል እንዳትጨምሪ!»

ማተሚያ ቤቱ ከደጃችን ሦስተኛው በር ነው። ባለማተሚያው ጽሑፉን ከፍቶ አየና፣ «ይህ ፊደል እኔ ጋ የለም፤ ፍላሹ ላይ ግን አስቀምጣዋለች። ልጫነው?» አለኝ።

ያን ጊዜ ዝም ማለት ነበረብኝ። አላርፍ ያለች ጣት!

«ተወው ልጄ፣ ማሽንህን በሽታ ያስይዝብሃል። የታወቀ፣ ጨዋ ፊደል የለህም?»

«ሞልቷል።»

«እንግዲያው እሱን አድርግልኝ። ጎላም አድርገው፤ መምህራኑ ዓይናቸው ደክሞ ይሆናል።»

«ልጅቷ አትቆጣም?»

«ያሳደግኋት እኔ ነኝ!»

በጠንካራ ሽፋን ጠርዞ፣ ስሟን በወርቃማ ቀለም ጽፎ ሰጠኝ። ወፈር ማለቱ ደስ ብሎኝ እንደ አራስ ልጅ ታቅፌው ገባሁ።

ገለጠችው። አንዱ ርዕስ ከገጹ ግርጌ ብቻውን ቀርቷል፤ ሰንጠረዡ ለሁለት ተገምሷል። ወደ መጨረሻው ገጽ ሄደች፤ ዘጠና አራት ይላል።

«እማማ፣ ምን አልሽው?»

«እኔ? ምንም… ፊደሉን ብቻ…»

ሰዓቷን አየች። ሰባት ተኩል ሆኗል።

«ያን ፊደል የመረጥኩት እኮ ጥቅጥቅ ብሎም ስለሚነበብ ነው! ሰማንያ ላይ ለማብቃት ሁለት ሳምንት ነው የለፋሁት!»

ልረዳት ብዬ፣ «ታዲያ አሥራ አራቱን ገጽ ብንቀድደውስ?» አልኳት። «ከመሃል ከመሃል። ማን ልብ ይለዋል?»

ፍላሿን ከመዳፌ ላይ አነሳችና የጫማዋን ክር እንኳ ሳታስር ወደ ማተሚያ ቤቱ ሮጠች።