የሃላሌን ዳገት የወጣችው ኤንትሬ

ሶዶ ከተማ ውስጥ ጭነት ማለት ኤንትሬ ማለት የነበረበት ዘመን ነበር። የሁምቦ በቆሎ፣ የቆላው ጥጥ፣ የዱቦ ሚሲዮን የጣሪያ ቆርቆሮ፣ የገባውም የወጣውም በእነዚያ ግንባረ ሰፊ የጣሊያን መኪኖች ጀርባ ነው። አንጁሎ የሥራ ዕድሜውን የጨረሰው በአንዷ መሪ ላይ ነበር። ጉልበቱ ሲከዳው ቁልፉን ለልጁ ለጣፈጠች ሰጣት። ሴት ኤንትሬ ትነዳለች ሲባል ከተማው ጥቂት ሳቀ፤ ብዙም ሳይቆይ ለመደ።

ከዚያ አዳዲሶቹ ረጃጅም መኪኖች መጡ። ኤንትሬዎቹ አንድ በአንድ ከመንገድ ወጡ። አንዱ ጓሮ ተጥሎ ዶሮ ሰፈረበት፣ ሌላው ተቆራርጦ ብረት ማቅለጫ ወረደ። በመጨረሻ የጣፈጠች ኤንትሬ ብቻ ቀረች። እሷም የምታገኘው አሸዋና ድንጋይ ማመላለስ ነበር፣ እሱም ሲገኝ።

"ስጫት" አላት አንጁሎ አንድ ጠዋት ደጃፉ ላይ ተቀምጦ። "ቁርጥራጭ ብረት የሚገዛው ሰውዬ ሰሞኑን ይመጣል። እኔም አርጅቻለሁ፣ እሷም አርጅታለች።"

"ሞተሯ እኮ አላረጀም፣ አባዬ።"

"ሥራ የሌለው ሞተር ምን ይሠራል?"

ጣፈጠች ግን ለመሸጥ እጇ አልታዘዝ አላት።

በዚያው ክረምት ከሶዶ ወዲያ ዳገት ላይ የምትገኘውን የሃላሌን ከተማ ትራንስፎርመር መብረቅ መታው። ከተማዋ ጨለመች፣ ወፍጮዎቹ ቆሙ፤ የጤና ጣቢያው የክትባት ማቀዝቀዣ በአንዲት ትንሽ ጄነሬተር ነፍሱን ይዞ ቆየ። አዲሱ ትራንስፎርመር ሶዶ ቢደርስም ከሶዶ ማለፍ አልቻለም። ዝናቡ ዳገቱ ላይ ያለችውን ጠባብ ኩርባ ግማሿን ይዟት ገደል ገብቶ ነበርና፣ የጫነው ረጅም መኪና ኩርባዋ ጋ ደርሶ መዞር ስላቃተው ወደ ኋላ እየተሳበ ተመለሰ።

ከመብራት ኃይል የተመደበችው መሐንዲስ ትርሐስ፣ አጭር ግን ጉልበታም መኪና ፍለጋ ጋሽ ገብረማርያም ጋራዥ መጣች። የገብረማርያም አባት ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ ጋራዥ የከፈቱ ሰው ናቸው፤ እሱም የኤንትሬ ሞተር እያወረደና እየሰቀለ ነው ያደገው። ነገሩን ሰምቶ ሲያበቃ ጣፈጠችን አስጠራት።

"ትችላለች?" አላት።

ጣፈጠች ኩርባዋን ታውቃታለች። "መኪናዋ ትችላለች" አለች። "ፍሬኗን ግን አብረን እንየው።"

ቀኑን ሙሉ ፍሬኑን ፈትተው ገጠሙ፤ የላሉ ብሎኖችን አጠበቁ፤ ትራንስፎርመሩን መሐል ጀርባዋ ላይ በሰንሰለት ጠፈሩት። በማግስቱ ማለዳ ጣፈጠች መሪ ያዘች፣ ገብረማርያም ጎማ ማገጃ ታኮ ይዞ አጠገቧ ተቀመጠ፣ ትርሐስ በፒካፕ ተከተለች።

ኩርባዋ ጋ ሲደርሱ ገብረማርያም ታኮውን ይዞ ወረደ። ገደሉ በቀኝ ነው። የኤንትሬ መሪ ደግሞ በቀኝ ነው፤ ጣፈጠች ሜዳ ላይ ለመቅደም ስትፈልግ ከግራ የተቀመጠውን ሰው "መንገዱ ነፃ ነው?" ብላ መጠየቅ ነበረባት፤ ሲያማርራት የኖረ ነገር ነው። እዚህ ግን አንገቷን በመስኮት ስታወጣ የፊት ጎማዋና የገደሉ አፍ ቁልጭ ብለው ታዩዋት። ጎማውን በገደሉ ጠርዝ ላይ እየለካች፣ ወደፊት ትንሽ፣ ወደኋላ ትንሽ፣ ደግሞ ወደፊት፣ የመኪናዋን አፍንጫ አዞረች።

የኋላው ጎማ ሲደርስ አፈሩ ከሥሩ ተናደ። ጀርባዋ ዘመም አለ፣ ሰንሰለቱ ጮኸ።

"አትቁሚ!" አለ ገብረማርያም።

አልቆመችም፤ አልቸኮለችምም። ነዳጁን በእኩል ረግጣ ያዘች። ሞተሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አጓራ፣ የሚሞት መሰለ፣ ከዚያ ከሆዱ ኃይል አወጣ። ጎማው ጭቃውን ቧጠጠ፣ ድንጋይ ነከሰ፣ መኪናዋም ጀርባዋን ሰብስባ ኩርባዋን አለፈች። ገብረማርያም ሮጦ ተሳፈረ። ታኮውን እንደ ሕፃን አቅፎት ነበር፤ ሁለቱም ሳቁ።

ሃላሌ መኪናዋን ሳታይ ድምፅዋን ሰማች። ሰው ከየቤቱ ወጣ፤ አንዲት ባልቴት ጎማዋን በእጃቸው ዳሰው መረቁ። በማግስቱ ትራንስፎርመሩ ተተክሎ ትርሐስ ማብሪያውን ስትጫነው ወፍጮዎቹ አንድ ላይ ተነሡ፤ እልልታው ከወፍጮው ጩኸት በለጠ። ለጣፈጠች የተቀቀለ የቦዬ ሥር በሚያቃጥል የዳታ ማባያ ቀረበላት። ጋቢናዋ ደረጃ ላይ ተቀምጣ በላች፤ ከዚያ በፊት እንደዚያ የጣፈጣት ምግብ ትዝ አላላትም።

ወሬው ሶዶ ቀድሟት ገባ። መንገዱ እስኪጠገን የሃላሌ ጭነት ሁሉ የእሷ ሆነ፤ ሲሚንቶው፣ ማዳበሪያው፣ የትምህርት ቤቱ ወንበር። አንድ መኪና አልበቃ ሲል ገብረማርያም ዶሮ የሰፈረባትን ኤንትሬ ከጓሮ አስጎትቶ አወጣ። ከሁምቦ ካምቢዮ፣ ከሌላ ግቢ ራዲያተር አምጥቶ ወራት ለፋባት። የተነሣች ዕለት ከጢስ ማውጫዋ የሣር ጎጆ ተፈንጥሮ ወጣ።

አንጁሎ በምርኩዙ ደርሶ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ነበር።

"ማን ይነዳታል?" አለ።

"ዛሬ አንተ" አለችው ጣፈጠች፣ ደግፋም ጋቢናዋ ላይ አወጣችው።

ጉልበቱ ፍሪሲዮኑን ለመርገጥ ሁለቴ ታገለ፤ በሦስተኛው እሺ አለው። አባት በአንዷ፣ ልጅ በሌላዋ፣ የሶዶን ዋና መንገድ ጥሩምባ እየነፉ ወረዱ። ባለ ባጃጆቹ ዳር ይዘው አሳለፏቸው።