በወተት ጣሳ የመጣ ግራሶ

ገሠሠ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሞጆ ደረቅ ወደብ የጉምሩክ ፈታሽ ነበር። እንጀራው ሰው ያሸገውን መክፈት ነበረና ጡረታም ወጥቶ እጁ አላረፈም፤ ዘውድነሽ ከገበያ የምታመጣውን በርበሬ እንኳ ሳያሸት ወደ ጓዳ አያሳልፍም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላታል ሚስቱን። «የጠረጠረውም ሲያስነጥስ ይውላል» ትለዋለች።

ልጃቸው ሃኒ የምትዳረው ባቱ ነው፣ የድሮ ሰዎች ዝዋይ የምንላት። ከአዳማ እስከዚያ በአባቴ ቮልስ ካልሆነ አልሄድም ብላለች፤ በዕድሜ ታላቋ በሆነው፣ ከሆስፒታል ታቅፋ በመጣችበት መኪና። ገሠሠ ይህን የሰማ ቀን ፊቱን ለመደበቅ ጓሮ ገብቶ ቆየ። ዘውድነሽ ግን ሙሽራ በቬሎ መኪና ስትገፋ ማየት አልፈለገችም። ቮልሱ እሑድ ቆቃ ደርሶ በሰላም ከተመለሰ እሺ፣ ካልሆነ ኪራይ መኪና ትይዛለች። ነገሩ በዚህ ተቆረጠ።

ስለዚህ መካኒኩ ሽኩር ተጠራ። የፊት ጎማዎቹን ፈትቶ፣ ጎማው የሚሽከረከርባቸውን ኩሽኔታዎች በቤንዚን አጥቦ አደረቀና አዲስ ግራሶ፣ ወፍራሙን የመኪና ቅባት፣ በመዳፉ እያሸ ሞላቸው። በሥራው እንከን አልወጣለትም። ግራሶው ግን የመጣው በዱቄት ወተት ጣሳ ነው። ማርካ የለው፣ የተመረተበት አገር የለው፤ ጣሳው ላይ ያለው የሚስቅ ሕፃን ብቻ። ገሠሠ ከየት አመጣኸው ቢለው፣ ከበርሜል ቀድቼ ነው፣ ለአሮጌ ቮልስ ከዚህ የሚስማማ የለም አለው። ከየትኛው በርሜል? ከጋራዡ። ጋራዡስ ከየት አመጣው? ሽኩር ሳቀ። ገሠሠ ያን ሳቅ ያውቀዋል፤ ኮንቴይነሩ ውስጥ ከጫነው ጫማ ሥር ሌላ ነገር የደበቀ ነጋዴ እንደዚያ ነበር የሚስቀው።

በማግስቱ ሞጆ ወርዶ ለከባድ መኪና የሚሆን፣ የታሸገ ሰማያዊ ግራሶ ገዛ። እሽጉን ዙሪያውን በጥፍሩ እየፋቀ ካረጋገጠ በኋላ ነው ከሱቁ የወጣው። ቅዳሜ ዘውድነሽ ለቅሶ ስትሄድ መኪናውን በክሪክ አንስቶ የቀኙን የፊት ጎማ ከፈተ። የሽኩርን ግራሶ በጣቱ ጠረግ ጠረግ አደረገና በቀረው ላይ ሰማያዊውን ጠቀጠቀበት። ግራውን ግን የኪሎ ሜትር መቁጠሪያው ገመድ በመሃሉ ስለሚያልፍ ፈርቶ ተወው። ከዚያ እጁን በኦሞ ታጥቦ ለቅሶ ቤት ሄደና ከሟች ዘመዶች በላይ አዝኖ ተቀመጠ።

እሑድ ሽኩርን አጠገቡ አስቀምጦ ወደ ቆቃ ተነሣ። ግማሹን መንገድ የነዳው አስፋልቱን ሳይሆን ሽኩርን እያየ ነው። ሰውዬው ዝም ካለ፣ ጥፋቱን እያሰበ ነው፤ ካፏጨ ደግሞ ሊያዘናጋው ነው። ቆቃ ደርሶ ዓሣ የሚሸጥበት መንገድ ዳር ለመቆም ፍሬን ሲይዝ ግን መኪናው ወደ ግራ ሳበው።

ወረዱ። ገሠሠ የግራውን ጎማ መሃል በመዳፉ ዳሰሰ፤ ለብ ብሏል እንጂ ደህና ነው። ቀኙን ሲነካ እጁን መንጭቆ አነሣ። ከጎማው ውስጥ ቅባቱ እንደ ሾርባ ይንጠባጠባል።

ሽኩር ጎማውን ፈታ። ጣቱን ነክሮ ወደ ብርሃን አነሣው። የእሱ ግራሶ ቡናማ ነበር፤ ይሄኛው አመድማ ሰማያዊ ሆኖ ይፈሳል።

«ጋሽ ገሠሠ፣ ከእኔ በኋላ ይሄን የከፈተ ሰው አለ?»

የገሠሠ ስልክ ጮኸ። ዘውድነሽ ናት።

ስልኩን እያየ አሰበ። በሽኩር ቢያላክክ፣ ዘውድነሽ ልጇን ሽኩር በሠራው መኪና አታሳፍርም፤ ቮልሱ ቀረ ማለት ነው። እውነቱን ቢናገር መኪናው ይተርፋል፤ እሱ ግን ሰፈር ውስጥ እስኪሞት መሳቂያ ነው። አነሣው።

«ደረሳችሁ?»

«ደርሰናል።»

«እና?»

«የግራው ጎማ ደህና ነው። ሽኩር ብቻ ነው የነካው።»

«ቀኙንስ ከሽኩር ሌላ ማን ነካው?»

«እኔ።»

ሽኩርን አቅርብልኝ አለች። ሽኩርም ሁለቱም ግራሶ ለየብቻው ጥሩ መሆኑን፣ ሲደባለቁ ግን ሳይስማሙ ቀልጠው ፍሬኑን እንዳራሱት አስረዳት። አሁን አጥቦ በአንዱ ብቻ ሞልቶ ቀስ ብለው ይመለሳሉ፤ የፍሬኑን ሸራ ሰኞ ይቀይረዋል፤ ከዚያ በኋላ ባቱ ድረስ እሱ ኃላፊ ነው።

ዘውድነሽ ስቃ ስቃ ስትጨርስ ፈረደች። በሰላም ከተመለሱ ሃኒ በቮልሱ ትሄዳለች። ቁልፉ ግን እስከ ሠርጉ ማለዳ ሽኩር ጋ ይቀመጣል።

ገሠሠ ቁልፉን ከኪሱ አወጣና ለመስጠት ዘረጋ፤ አልለቀቀውም ግን።

«የት ነው የምታስቀምጠው?»

«ኪሴ፣ ጋሼ።»

«የትኛው ኪስህ?»