የምትወዛወዘው ጣሳ

«በጫማችሁ እንዳትረግጡት!» አለች ሚስትየው፣ ለቅሶ ደራሾቹ ገና በሩን ከማለፋቸው።

ሳሎኑ መሀል ሠዓሊው ባሏ ጀምሮ የተወው ሸራ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። ከበላዩ የቀለም ጣሳ በገመድ ከጣሪያው ተንጠልጥላለች፤ ታችዋ ተበስቶ በጨርቅ ተወትፏል። የሸራው ግማሽ በሰማያዊ መስመር ተዥጎርጉሯል፣ ግማሹ ነጭ ነው። «ምሳ ልብላና እመለስበታለሁ» ብሎ ነበር። አልተመለሰም። እሷም እጁ እንደተወው ይቆይልኝ ብላ ማንንም አላስነካ አለች። ሰዉ ምን ያድርግ፣ ግድግዳ ታክኮ ተኮልኩሎ፣ ሻይ ሲቀባበል ኩሬ እንደሚሻገር እግሩን እያነሳ ነው።

«አሁንስ በዛ!» አለ የሟች ታላቅ ወንድም፣ ግንበኛው። «ሰው መቀመጫ አጣ እኮ። ጠቅልዬ ጓዳ ላስገባው።»

«ጋሼ፣ በሞቴ አይንኩት!»

«እዚህ ቤት ደግሞ የምን በሞቴ ነው!»

ወንድማማቾቹ በዚች ጣሳ ሲነታረኩ ነው የኖሩት።

«ይሄን መስመር ማን አሰመረው?» ይል ነበር ግንበኛው፣ ዕድሜውን ግድግዳ በቱንቢ ሲያቃና የኖረ ሰው።

«ጣሳዋ።»

«አንተስ?»

«ወዝወዝ አድርጌ ለቀቅኳት። ወዴት እንደምትሄድ እኔም እንዳንተው ቁጭ ብዬ አያለሁ።»

«ታዲያ ይሄ ሥራ ነው ጡረታ?»

አንዴ ሚስትየው ቤት ስትጠርግ ጣሳዋን ገጨቻት። አበላሸሁት ብላ ልታለቅስ ስትል ባሏ በደስታ እንደ ሕፃን ዘለለ። «አስቤ መቼ እችለው ነበር!» አለ። ከሥዕሎቹ ሁሉ አልሸጥም ያለው ያንን ነው።

ግንበኛው ሚስትየው ጓዳ እስክትገባ ጠበቀ። ጎንበስ ብሎ የሸራውን ጠርዝ ያዘ፤ ቀና ሲል ጭንቅላቱ ከጣሳዋ ጋር ጓ! ጨርቁ ተፈናጥሮ ጣሳዋ መወዛወዝ ጀመረች። ቀለሙ በጥቁር ኮቱ ጀርባ ላይ ፈሰሰ፣ የአንዱን ጎረቤት ባርኔጣ ጎበኘ፣ ከዚያ ነጩ ሸራ ላይ ወረደ።

«ያዛት! ኧረ ያዛት!» ቤቱ ታመሰ። ግንበኛው እጁን ሲሰድ ሚስትየው ሮጣ ደርሳ ክንዱን ያዘች።

«ይተዋት፣ ጋሼ።»

«አበላሸሁብሽ እኮ፣ እህቴ!»

«ይተዋት። ትሂድ።»

ጣሳዋ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። የለቀስተኛው አንገት ሁሉ አብሯት ወዲያና ወዲህ ይላል። ሚስትየው ይህን አየችና ሳቀች፤ እሱ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ሳቁ መሀል ላይ ልቅሶ ሆነባት።

«አየኸው ይሄን ጉድ?» አለ ግንበኛው፣ ለሟች ወንድሙ። ጢሙ በእንባ ርሷል።

ጣሳዋ ቀስ እያለች ቆመች። ነጭ የነበረው ሞልቷል። ቀዳዳዋ ላይ አንዲት ጠብታ ቀረች። ሚስትየው ተንበርክካ መዳፏን ከሥሯ ዘረጋች፤ ጠብ ስትል ጨበጠቻት። መታጠቢያ ውሃ ሲያመጡላትም እጇን አልከፈተችም።