የውርንጭላው ሌላኛው እግር

በዚያ የእንስሳት ክሊኒክ አጥንት የሚባል ነገር ሁሉ የወጌሻው ነበር። ዲግሪውን ግድግዳ ላይ የሰቀለ ሐኪም ቢሆንም ሰው ሁሉ ወጌሻው እያለ ነው የሚጠራው፤ እሱም ቅር ሲለው ታይቶ አያውቅም። ውሻ እያነከሰ በበሩ ሲገባ፣ ጀርባውን እንደሰጠ ኮቴውን ብቻ ሰምቶ «የኋላ ግራ፣ ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ብሎ» ይላል። እሱ የጠገነው በሬ ከመሰበሩ በፊት ከነበረው ይልቅ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። እግሯን ያሰረላት ድመት ደግሞ ከጣሪያ ጣሪያ ስትዘል ያያት ሰው፣ እስክታርፍ ድረስ ምሳውን በልቶ እጁን ታጥቧል። ይህን የሚያወራው ራሱ ወጌሻው ነው፤ ግን ደፍሮ ያስተባበለው የለም።

ከዚያ አዲሷ መጣች።

አዲሷ ከመጣች ዓመት አልፏታል። «አዲሷ» የሚለውን ስም ያወጣላት እሱ ነው፤ እዚያው አዲስ እንደሆነች እንድትቀር። ተማሪው ነበረች። የራጅ ፊልም በየት በኩል እንደሚያዝ እንኳ ያሳያት እሱ ነው። አሁን ግን ስልኩ በጮኸ ቁጥር «አዲሷ አለች?» ነው። «እኔ አለሁ» ሲል፣ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው «እንግዲያው ነገ እደውላለሁ» ይላል። ያቺ «ነገ» ናት አንጀቱን የምታሳርረው።

ቤቱ ገብቶም አላረፈ። ሚስቱ ሶፋው ላይ ተመቻችታ፣ «የጎረቤቶቻችንን ውሻ ያዳነችው ልጅ እጇ ጉድ ነው አሉ» አለችው።

«እጇን ያሠለጠንኩት እኔ ነኝ!»

«ታዲያ ላንተ ምነው ሳታስተርፍ ሰጠሃት?» አለች፣ ፈገግ እንኳ ሳትል።

በማግስቱ ባለፈረሷ መጣች። ድምፅዋ ከመኪናዋ ቀድሞ ግቢ የሚገባ ሴትዮ ናት። ያመጣችው ዳማ ውርንጭላ ነው፤ ገና ጡት ከመጣሉ ቁመቱ በሩ ላይ የሚያስጎነብሰው። ቀኝ የፊት እግሩ ከጉልበቱ በላይ አብጦ ያነክሳል።

«አዲሷ የለችም እንዴ?» አለች ገና ከመውረዷ።

«ላም እያዋለደች ነው» አለ ወጌሻው። አዲሷ ከግድግዳው ጀርባ እጇን እየታጠበች ነበር።

ቶሎ ብሎ ቀኝ እግሩን ራጅ አነሳ። ፊልሙን ብርሃን ላይ ሰቀለው። ከአጥንቱ ጫፍ ከፍ ብሎ፣ ከዳር እስከ ዳር የተጋደመ ጥቁር መስመር አለ። ልቡ ዘለለ። በደስታ ልዘል ነው ብሎ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየው።

«ስብራት!» አለ፣ መንገድ ላይ ያለ ሰው ቆም ብሎ እስኪዞር። «እትዬ፣ ደግነቱ እኔ ጋ መጡ። ሌላ ሰው እጅ ቢገባ ይሄ ፈረስ እግሩ የማይታጠፍ ወንበር ነበር የሚሆነው።»

ባለፈረሷ አፏን በእጇ ያዘች። እሱ ወዲያው ባልዲውን ለብ ባለ ውኃ ሞልቶ ጄሶውን በመቀሱ እያማሰለ በጠበጠ።

ያን መስመር ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሰው አልተፈጠረም። ያላደገ እንስሳ አጥንት የሚረዝመው ከጫፉ አካባቢ ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ገና ያልጠነከረ ለስላሳ ንጣፍ አለ፣ ራጅ ላይ ሲታይ ቁርጥ ስብራት የሚመስል። ስንቱን ጀማሪ ጉድ ሠርቷል! ለዚህም ሲል የራጅ ክፍሉ በር ላይ በራሱ እጅ ጽፎ ለጥፏል፤ «የታመመውን እግር ስታነሱ ጤነኛውንም አንሱ። ሁለቱም ላይ ያለ መስመር ስብራት አይደለም።» ዛሬ ግን በሩን ከፍቶ ሲገባ ጽሑፉ ከበሩ ጋር ዞረና ግድግዳውን አየ።

አዲሷ እጇን እየጠረገች ብቅ አለች። ፊልሙን አየች፣ የውርንጭላውን እብጠት ዳሰሰች፣ ዝቅ ብላም ግራውን ነካካች።

«ጋሼ፣ ሌላኛውን እግር አንስተውታል?»

«ጤነኛ እግር ፎቶ ይነሳል እንዴ? ሠርግ አለበት?»

«አይ… እርስዎ ስላስተማሩን ነው።»

«ያስተማርኩት ማየት ለማይችሉት ነው!»

ባለፈረሷ ከአንዱ ወደ አንዱ ስታይ ቆየችና ፊቷን ወደ አዲሷ አዞረች። «የኔ ልጅ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?»

ይህን ጊዜ ወጌሻው ጆሮው ጋለ። «አነሳዋለሁ!» አለ። «አንስቼ አፋችሁን ነው የማስዘጋው!»

ግራውን አነሳና ፊልሙን ይዞ ፊልም ማጠቢያው ጨለማ ክፍል ገባ፤ በሩንም ከውስጥ ቆለፈ። በቀዩ መብራት ስር ምስሉ ከመድኃኒቱ ውስጥ ቀስ እያለ ወጣ። መጀመሪያ አጥንቱ፤ ከዚያ መስመሩ። ያው መስመር፣ እዚያው ቦታ ላይ፣ ያንኑ ያህል ውፍረት ይዞ።

ውርንጭላው አልተሰበረም፤ እህል በላይ በላዩ እየተሰጠው ከአቅሙ በላይ ፈጥኖ በማደጉ ያ ለስላሳ ንጣፍ ተቆጥቶበት ነው።

«ተቃጠለ እላለሁ» ብሎ አሰበ። ፊልም ይቃጠላል፤ ማን ይጠይቃል? ይወጣል፣ ጄሶውን ይጠቀልላል፣ ስሙ ስም ሆኖ ይቀጥላል። እጁ ፊልሙን ሊያጥፈው ጫፉን ያዘ። ግን ደግሞ እያደገ ያለ እግር በከንቱ በጄሶ ቢታሰር ምን እንደሚሆን ያውቃል፤ ጅማቱ ይላላል፣ ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ውርንጭላውም እንደ ሰካራም እየተወላገደ ይወጣል። ከዚያ ያንን እግር የሚያቃናው ማን ነው?

እሷ!

ባለፈረሷ ያንን ድምፅዋን ይዛ አገር ለአገር ስትዞር ታየው፤ «ወጌሻው ያጣመመውን አዲሷ አቀናችው!» ቅናት ከላይ እስከ ታች ሲያነደው፣ የያዘው ፊልም በእጁ ላይ ያልቀለጠው በተአምር ነው። «ሞቼ እገኛለሁ!» አለ ለቀዩ መብራት፣ በሩንም በርግዶ ወጣ።

ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን ሰቀለ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ስብራት የለም። ተሳስቻለሁ» አለ፤ የመጨረሻዋን ቃል እንደ እሾህ ነው የነቀላት። «እህሉን ይቀንሱለት እትዬ። ጠበብ ባለ፣ መሬቱ ለስላሳ በሆነ ቦታ ይረፍ። ሩጫ የለም።»

ባለፈረሷ እፎይ ብላ አዲሷን አቀፈች። «አንቺ ባትኖሪ ልጄን በኖራ ሊለስንልኝ ነበር!»

«አይ እትዬ» አለች አዲሷ። «ሁለቱንም እግር ማየት ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው። ዛሬም ያነሱት እሳቸው፣ ያገኙት እሳቸው።»

ወጌሻው እንዲህ ያለ ዱላ ቀምሶ አያውቅም። በእጇ ቀናባት፣ በስልኩ ቀናባት፤ አሁን ደግሞ በደግነቷም ሊቀናባት ነው። እሱ ቢሆን እኮ ይህን ድል ሳምንት ሙሉ ያወራው ነበር። ውርንጭላው እንኳ አንገቱን አስግጎ የእሷን ኪስ ማሽተት ጀመረ።

ባለፈረሷ ከሄደች በኋላ ባልዲውን አስታወሱት። ጄሶው ድንጋይ ሆኗል፤ የወጌሻው መቀስ ደግሞ እጀታው ብቻ ብቅ ብሎ እንደ ሐውልት ቆሟል። አዲሷ ጎንበስ ብላ እጀታውን ሳብ አደረገችው። ንቅንቅም አላለ።

«ጋሼ፣ ይሄስ ስብራት ይኖረው ይሆን?» አለች፣ ከንፈሯን ነክሳ።

ወጌሻው ቀና ብሎ አያት። ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«እኔን ትጠይቂያለሽ? ሌላኛውን ባልዲ አንሺና አወዳድሪ!»

ስልኩ ጮኸ። ሁለቱም ዘወር አሉ። ወጌሻው ቀድሞ ደረሰ፣ አነሳ፣ አዳመጠ፤ ከዚያ ጥርሱን ነክሶ መነጋገሪያውን ዘረጋላት።

«ያንቺ ነው» አለ። «ሁለቱንም እግር እንዲያመጡት ንገሪያቸው።»