የሦስት ቀዘፋ ትንፋሽ

"አራት ደቂቃ ከአሥራ አንድ!" አለች አሰልጣኟ ሰዓቷን ቀጥ አድርጋ።

ታናሽ ወንድሟ የገንዳውን ጠርዝ የሙጥኝ ብሎ ያለከልካል። ነገ ጠዋት እዚሁ ገንዳ ውስጥ ለነፍስ አዳኝነት ሥራ ይፈተናል፤ ሁለት መቶ ሜትር ነፃ ቀዘፋ፣ ከአራት ደቂቃ በታች። ይሠራበት የነበረው የጎማ መጋዘን ከተዘጋ ሰባት ወሩ ነው። ሚስቱን በየማለዳው ወደ ሥራ እየሸኘ በር መዝጋት እንደመረረው ነግሯታል።

"አሥራ አንድ ሴኮንድ ምን አላት? አንዴ ባስነጥስ ታልቃለች።"

"እንግዲያው አስነጥስ። ሆድህን ግን ነገ ቤት ትተኸው ና።"

"ኧረ እሱ ነው የሚያንሳፍፈኝ፣ እታለም!"

ሳቀች። በልጅነቱ ከውሃ አልወጣም ስለሚል እናታቸው "ዳክዬ" ትለው ነበር።

"በል ድገመው" አለችና ከጎኑ በጠርዙ ላይ አብራው ተራመደች። የመጀመሪያው ሃምሳ ሜትር ማለፊያ ነበር። በሁለተኛው ትከሻው መቸኮል፣ ጭንቅላቱ ሽቅብ ማለት፣ እግሩ መስመጥ ጀመረ። አየር ያጠረው ዋናተኛ መቅዘፉን ትቶ ከውሃው ጋር ይታገላል፤ ይህን ለሠልጣኞቿ በየቀኑ ትናገራለች። ቆጠረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ በቀኝ ተነፈሰ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ በግራ ተነፈሰ።

በፊሽካ አስቆመችው።

"በሦስት ተንፍስ ያለህ ማነው?"

"አንቺ ነሻ!" አለ ግራ ገብቶት። "ረሳሽው እንዴ?"

አልረሳችውም። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ከአሰልጣኞች ኮርስ የተመለሰችው፣ የምስክር ወረቀቷ ገና ሳይጨማደድ፣ ለብሔራዊ ቡድን ምርጫ አሥር ቀን ሲቀር ነበር። ኮርሱ በሁለቱም ጎን መተንፈስን ያስተምር ስለነበር፣ በቀኝ ብቻ፣ በየሁለት ቀዘፋው የሚተነፍሰውን ወንድሟን በአሥር ቀን ልታስተካክለው ተነሳች። በምርጫው ቀን እስከ ግማሽ መንገድ መራ፤ ከዚያ ውሃ ጠጣና አራተኛ ወጣ። የተመረጡት ሦስት ናቸው። ለእናታቸው "ልምምድ ላይ ሰንፎ ነው" ያለችው እሷ ነበረች። እሱ በወሩ መጋዘን ገባ።

"ተወው ሦስቱን" አለች። "ፊትህ ውሃ ውስጥ ሳለ አየሩን ቀስ እያልክ በአፍንጫህ አስወጣ፤ አትያዘው። ቀኝ እጅህ ከውሃ ሲወጣ አፍህን ብቻ ዘወር አድርገህ ሳብ። በሁለት። እንደ ድሮህ።"

"የድሮውን አሁን ልመልስልህ ነው የምትይኝ?"

"አፍህን ዝጋና ዋኝ።"

ትንሽ አረፈና ከጠርዙ እንደ አዲስ ጀመረ። እጆቹ እንደ ሰው እርምጃ ሳይጣደፉ፣ ሳይዘገዩ ተከታተሉ። ለመተንፈስ ሲዞር ግማሽ መነፅሩ ከውሃው አይወጣም። አራተኛውን ሃምሳ ነክቶ ቀና ሲል መናገር የሚያስችል ትንፋሽ ተርፎት ነበር።

"ስንት?"

"ሦስት ከሃምሳ ሦስት።"

በእጁ ውሃውን መታው። ሳቁ ግን ቶሎ ጠፋ።

"ያኔም በሁለት ብተነፍስ ኖሮ…"

'ማን ያውቃል' ብላ ማለፍ ትችል ነበር። ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር።

"ታልፍ ነበር" አለች። "ኮርሱ ከመጀመሩ በፊት ሰዓትህን ይዤ ነበር፤ ሦስተኛ የወጣውን ትቀድመው ነበር። የዚያኑ ቀን ማታ አስተያይቼ አውቄዋለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ዳክዬ።"

መነፅሩን አወለቀና ውስጡ የገባውን ውሃ ደፋ። ቀና ብሎ አላያትም።

"እማዬ እስከ ዛሬ ሰነፍ ነው የምትለኝ" አለ። "ባለፈው ሳምንት እንኳ፣ መጋዘኑ የተዘጋው በሌላ ሰው ጥፋት ነው ብላት፣ 'ድሮም ልምምድ አትወድም ነበር' አለችኝ።"

አሰልጣኟ ፊሽካዋን ከአንገቷ አውልቃ አግዳሚው ላይ አስቀመጠች። እጇን በሱሪዋ አደረቀችና ከቦርሳዋ ስልኳን አወጣች።

"አትውጣ፣ እዚሁ ሆነህ ስማ" አለችውና ወደ እናታቸው ደወለች።