የሄመን ቀንድ አውጣ

ማርያምን እውነት ነው! ሰበታ ውስጥ የእኔ የሽመክት ወሬ ግማሹ ተቀንሶ ነው የሚሰማው። ከዚህኛው ግን አንዲት ነገር ብትቀንሱ ባጃጄ ተገልብጦ ይድፋኝ።

ልጄ ሄመን ዓመት ተመንፈቅ ሞልቷት በር ሲጋጭ አትደነግጥም። እኔ «ደፋር ናት፣ አባቷን ወጥታ» እያልኩ ስጎርር ባለቤቴ ሸዋነሽ ታለቅስ ነበር። በመጨረሻ አዲስ አበባ ወሰድናት።

«ጆሮ ማህፀን ውስጥ ሲሠራ መጀመሪያ ተራ ቆዳ ነው» አለችን ዶክተር ሐኒ። «ንድፉ ያለው ጂን ላይ ነው። ከአንጎል በኩል ደግሞ የሚያሳድግ ንጥረ ነገር እንደ መልእክተኛ ይወጣና ቆዳውን ‹አንተ ጆሮ ሁን› ይለዋል። ቆዳው ይሰረጉዳል፤ ይዘጋና ከረጢት ይሆናል፤ የከረጢቱ ጫፍ እንደ ቀንድ አውጣ ሁለት ዙር ተኩል ይጠቀለላል።»

«ማስተር ፕላን አለው በይኛ!»

«እንደዚያ በለው።»

«ሰበታ መጥተሽ እንዳትናገሪው፤ ድንጋይ ነው የሚወርድብሽ።»

አልሳቀችም። የሄመን መልእክት መንገድ ላይ ቀርቶ ይሆናል አለች። ቀንድ አውጣው ትንሽም ተጠቅልሎ ከሆነ ማሰሚያ መሣሪያ ይገባላታል፤ ጭራሽ ካልተሠራ የሚገባበት ቦታ የለም። ከውጭ የመጡ ሐኪሞች ሐሙስ በአምስት ሰዓት በማሽን ያዩላታል፤ ዓርብ ወደ አገራቸው ይሄዳሉ።

ሐሙስ ጠዋት መንገዱ እንደገና ተዘጋ። ታኅሣሥ ሁለት ሺህ ስምንት ነው፤ ገበሬው «የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን መሬታችንን ሊውጥ ነው» ብሎ ወጥቷል። ከቡራዩም ከሱሉልታም የሚመጣው ወሬ ያው ነው፤ ጎማ ይቃጠላል፣ ጥይት ይተኮሳል።

እኔ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ጉድ ሠርቻለሁ። ከጽዋ ማኅበር እንዳልቀር ብዬ ድፎ ዳቦ በጋቢ ጠቀለልኩና ዓለም ገና የተዘጋው መንገድ ላይ «የታመመ ሕፃን ይዣለሁ!» ብዬ አለቀስኩ። ጃራ የሚባለው የገበሬ ልጅ ጋቢውን ነካ አድርጎ «ኧረ ትኩሳቱ!» ብሎ መንገድ አስጠረገልኝ። ዳቦው ገና ከምድጃ መውጣቱ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ በጃራ ሳቀበት፤ ያወራሁት እኔው ነኛ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ዓለም ገና ስንደርስ ያው ጃራ ድንጋዩ ላይ ቆሟል።

«አካም ሽሜ! ዛሬስ ምን ጋገርክ?»

ጓደኞቹ «ሶባ! ሶባ!» እያሉ ሳቁ፤ ውሸት ማለታቸው ነው።

«ጃራ ወንድሜ፣ ልጄ ናት። ጆሮዋ አይሰማም። ዛሬ ካልደረስን አለቀላት።»

«ባለፈው ትኩሳት፣ ዛሬ ደንቆሮ?»

ሸዋነሽ በኦሮምኛ ለመነችው። «እሷንም አሠልጥነሃታል» አለኝ። እግሩ ላይ ወደቅሁ። «ትያትር!» አሉ።

«እንፈትናታ» አለ ጃራ።

አንዱ የአጥር ቆርቆሮ አመጣና ከሄመን ማጅራት ኋላ አንድ ስንዝር ላይ ያዘው። ጃራ ብረት አነሳ። ዕድሜዬን ሙሉ ውሸቴ እንዳይነቃብኝ ስጸልይ የኖርኩ ሰውዬ፣ ያን ጊዜ «አምላኬ፣ ዞር ትበልልኝ፤ ውሸታም ልባል፣ ይደብድቡኝ» አልኩ።

ጓ!

እስከ ተፍኪ ድረስ ያሉ አሞሮች ሳይቀሩ ከዛፍ ተነሱ። ሸዋነሽ ጮኸች። የመታው ጃራ ራሱ ደነገጠ። ሄመን የእናቷን የሹራብ ቁልፍ እያገላበጠች ነበር፤ አላቋረጠችም።

ደግሞ መታ። ለሦስተኛ ጊዜ ብረቱን አነሳና ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠው። ማንም ሶባ አላለም። ድንጋዩን በእጃቸው አነሱልን፤ ጃራ ከባጃጄ ፊት እየሮጠ «ዱጋ ነው፣ እውነት ነው፣ አሳልፏቸው!» እያለ እስከ መጨረሻው ጎማ ሸኘን።

ደረስን። መድኃኒት ሰጥተው አስተኟትና ማሽኑ ውስጥ አስገቧት። ዶክተር ሐኒ ፎቶውን ብርሃን ላይ ይዛ «አንድ ዙር ተኩል ተጠቅልሏል፤ ይበቃል» አለችን።

ስንመለስ ጃራ እዚያው ቆሞ ይጠብቀን ነበር።

«እህስ?»

«ቀንድ አውጣው አለ!» አልኩት። እነ ጃራ ሄመንን ከእናቷ ነጥቀው እየተቀባበሉ ጨፈሩ።

እንግዲህ ምያለሁና አንዷን ልመልስ። ዳቦው፣ ቆርቆሮው፣ ጭፈራው፣ ሁሉም የሆነ ነገር ነው። አንድ ዙር ተኩል የሚለውን ግን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ፎቶው ላይ ቀንድ አውጣው በሚኖርበት ቦታ ምንም አልነበረም። ለጃራ ስዋሽ ሸዋነሽ አጠገቤ ነበረች፤ ከተጋባን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አላጋለጠችኝም።